የፈረሰው ጓል

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለአዲስዓለም። ጤናሽ እንደ ጉና ተራራ ይጽና፤ እኛ ደህና ነን።

አዋጅ! አህያዬ የቄሰ ገበዙን ጎመን ስለበላች ደብረ ታቦር ተሸብራለች።

በሰውነታችን ውስጥ ካንሰርን የሚገታው፣ አር ኤን ኤ የሚባለው ኢምንት ነገር ሲለወጥ በሽታው ይስፋፋል ብለሽ የጻፍሽውን ለእናትሽ አነበብኩላት። «ቦይ እንደሚዘጋ ጓል ነው፤ ሲፈርስ ውሃው ማሳውን ይጠርጋል» ብዬ አስረዳኋት።

«አባባ፣ የፈረሰውን ጓል ታዲያ ካንቱ ነው የወረስኩት?» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ግራ እጇ አልነሳ ብሏት ፀጉሯን ጎረቤታችን ሀዋ ትሠራላታለች፤ ቅብጠት ነው እላታለሁ።

ዘመዶቻችን በምን እንደሞቱም ጠይቀሽ ነበር። እህቴን አሰለፈችን «በእርጅና» ብለሽ መዝግቢ፤ ሠላሳ ዓመቷ ነበር።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን፤ ቶሎ።

አያትሽ ይሻው

ከጻፍኩት የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትሽ አልሳቀችም።