የቆፈሩትን ጉድጓድ የዘጉት አቶ ሽበሺ ተድላ

አቶ ሽበሺ ተድላ ነሐሴ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ተድላ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፌሽዋል ደስታ በአሰንዳቦ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር የስፌት መኪናቸውን ተክለው ለአላፊ አግዳሚው የሚሰፉ ባለሙያ ነበሩ። ከስምንት ልጆች አራተኛው የሆኑት ሽበሺ ከወንዝ ውሃ የማመላለስ ዕጣ ደርሷቸው ነበር። ይህን ሥራ አምርረው ይጠሉት እንደነበር እኅቶቻቸው ዛሬም ይመሰክራሉ። እግዚአብሔር ግን የወደደውን ያደርጋልና፣ ውሃ ቅዳ ሲባሉ የሚደበቁት ልጅ ዕድሜያቸውን በሙሉ ውሃ ሲመረምሩ ኖሩ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰንዳቦ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጅማ ተከታትለው በ1971 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመሄድ በውሃ ጥራት ምርመራ ሠለጠኑ። በ1973 ዓ.ም. በጅማ በውሃ ሥራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከመምህርት ተናኘ መኮንን ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በቦሳ አዲስ ቀበሌ ጎጇቸውን ቀልሰው፣ ዓለምብርሃንን፣ አብሳሎምንና ጽዮናዊትን ወልደው አሳድገዋል።

አቶ ሽበሺ ሰዓት አክባሪ፣ ግትርና ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በእንግድነት በሄዱበት ቤት የቀረበላቸውን ውሃ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሳያዩ አይጠጡም። ባለቤታቸው በዚህ ስንቴ አፍረዋል! እርሳቸው ግን ጠርቶ ያላዩትን ውሃ ወደ አፋቸው አያስጠጉም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ መጻፍ አልፈለገም ነበር። በቀብር ላይ የሟች ስህተት አይነበብም፣ ነውር ነው ያልንም ነበርን። እርሳቸው ግን በአልጋ ላይ ሆነው «የሕይወት ታሪኬ ላይ ጉድጓዱን ካልጻፋችሁ ሌላውንም አትጻፉ» ብለው አዘዙ። ወ/ሮ ተናኘም «ቃሉ ይፈጸም» ስላሉ እንዲህ ጽፈነዋል።

ከሰርቦ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና መንደር፣ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእሸት ቡና ማጠቢያው ሲሠራ ወንዙ ይጠቁርና ይገማ ነበር። ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ነበር። አቶ ሽበሺ ለሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው በ1999 ዓ.ም. ለመንደሩ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ የእጅ ፓምፕም አስተከሉ። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። በጊዜው በሚደረገው ምርመራ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ወንዙን ጨርሶ ለማዳን ብለው፣ ማጠቢያው የቡናውን ቅርፊትና እጣቢ የሚያስቀርበት ሰፊ ጉድጓድ እንዲቆፈር መከሩ። ቦታውንም ራሳቸው በእግራቸው ለክተው አሳዩ፤ ከፓምፑ ከፍ ብሎ፣ ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ። ወንዙ ጠራ። ለዚህም የምስጋና ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

በዚያ ውሃ ከመተማመናቸው የተነሣ በየሐሙሱ ሁለት ጀሪካን ሞልተው ለቤታቸው ያመጡ ነበር። የከተማው ቧንቧ እያለ ቤተሰባቸው የሚጠጣው ያንን ውሃ ነበር። ጎረቤት ሲስቅባቸው «እናንተ ክሎሪን ጠጡ» ይሉ ነበር።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በመንደሩ በወ/ሮ ነኢማ አባ ጊዲ ቤት ምሳ ተጋብዘው ሄዱ። ወ/ሮ ነኢማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቡና ለቃሚ ናቸው። መዳፋቸው እንደ ጠጠር በጠነከሩ እባጮች የተሞላ ነበር፤ በዚያ መንደር ይህን ሁሉም «የቡና እጅ» እያለ ስለሚጠራው ማንም ሐኪም ዘንድ አይሄድም። እጅ ሲያስታጥቡ በወ/ሮ ተናኘ መዳፍ ላይ ያንኑ እባጭ አዩና ሳቁ። «ወላሂ ተናኝዬ፣ አንቺም በድብቅ ቡና ትለቅሚያለሽ እንዴ?» አሉ።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። አቶ ሽበሺ አልሳቁም። መምህርት ተናኘ ሠላሳ ዓመት ከጠመኔ በቀር የያዙት ነገር አልነበረም። ሁለቱን ሴቶች የሚያገናኛቸው ቡና ሳይሆን ውሃው ነበር፤ እንዲህ ያለ እባጭም አርሴኒክ የተባለው መርዝ ምልክት መሆኑን አንብበው ያውቁ ነበር። አቶ ሽበሺ ምሳውን ሳይቀምሱ ተነሡ።

በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ «ይህ ችግር የስምጥ ሸለቆ እንጂ የእኛ አይደለም» ተብሎ ሳይከፈት የኖረ የአርሴኒክ መመርመሪያ ካርቶን ከፈቱ። ከፓምፑ በቀዱት ውሃ ላይ የመመርመሪያው ወረቀት መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ መርዙ አለ ማለት ነው። አምስት ጊዜ ደገሙት፤ አምስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። አለቃቸው ናሙናው ተልኮ የአዲስ አበባው ውጤት እስኪመጣ ማንም እንዳይሰማ ነገሯቸው። ያለ ማስረጃ ሕዝብ ቢያውኩ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሳይቀረው ሊባረሩ እንደሚችሉም አስጠነቀቋቸው። አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም፤ ለሥራ ባልደረባ የሚሰጥ ምክር ነበር።

አቶ ሽበሺ ግን በዚያው ቀን መፍቻ ይዘው ሄዱና የፓምፑን እጀታ ፈትተው በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ጀሪካን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች መንገድ ዘጉባቸው። «ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ ሽበሺ፣ ወደዚያ ወንዝ ሊመልሱን ነው?» አሉ አንዷ። አቶ ሽበሺ ቆመው «መርዝ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ» አሉ። ያን ቀን ያመናቸው አልነበረም። ድንጋይ ያነሣም ነበር።

ቀጥሎ የመጡት አሥራ ዘጠኝ ቀናት በዕድሜያቸው ሁሉ የከበዱ ነበሩ። ሰው ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ በስድስተኛው ቀን አንድ ሕፃን በተቅማጥ ታሞ ጤና ጣቢያ ገባ። ልጁ ቢሞትና የአዲስ አበባው ውጤት «ንጹሕ» ብሎ ቢመጣ፣ ሕፃን የገደሉት አቶ ሽበሺ ይሆናሉ። ይህን ያውቁ ነበር። በዚያ ላይ የቀድሞውን ውሃ በጀሪካን አስቀምጠው «አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚሉ ነበሩ። ወ/ሮ ነኢማም ከእነርሱ አንዷ ነበሩ። አቶ ሽበሺ በየደጁ እየዞሩ «ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አርሴኒክን አይነካውም፤ ውሃው ተንኖ ሲያንስ መርዙ ድስቱ ውስጥ ይጠናል» እያሉ ለመኑ። በር የሚዘጋባቸው ብዙ ነበር። ከመንደሩ ሰው ሐጂ ኸይሩ አባ ሜጫ ብቻ አህያ ጋሪያቸውን አውጥተው ከሩቅ ምንጭ ውሃ ማመላለስ ጀመሩ። ለምን ቢባሉ «ሰው ራሱን ለመክሰስ አይዋሽም» አሉ። አላህ ያክብራቸው፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ናቸው።

ሕፃኑ ዳነ። በሃያኛው ቀን ውጤቱ መጣ። አርሴኒኩ ለመጠጥ ከሚፈቀደው አሥራ ሦስት እጥፍ ነበር።

ሰው ሁሉ መርዙን የጨመረ ሰው ፈለገ። የማጠቢያው ባለቤት አቶ ሶሬሳ በሽማግሌ ፊት ቀርበው «እርስዎ ቆፍር አሉኝ፣ ቆፈርኩ» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ኋላ አፈሩን የመረመሩ ባለሙያዎች እንዳስረዱት መርዙን የጨመረ ማንም የለም። አርሴኒኩ ከጥንት ጀምሮ በቀዩ አፈር ውስጥ ከብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ይኖር ነበር። አፈሩ አየር እስካገኘ ድረስ አይለቀውም። የቡናው እጣቢ እዚያ ተጠራቅሞ ሲበሰብስና ወደ ታች ሲሰርግ ግን የምድሩን አየር ጨረሰው፤ ዝገቱ ሟሟ፤ ይዞት የኖረውን አርሴኒክ ወደ ውሃው ለቀቀ። መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቢያዩት የሚታይ ነገር አልነበረም።

አቶ ሽበሺ በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥተው የእጣቢውን ቦታ የመረጡት እርሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ፤ ሳሎናቸው ገብተውም የምስክር ወረቀቱን አወረዱ። ባለማወቅ የሆነ ነው፣ ይተዉት ብንላቸው «የጠጣው ሰው ሆድ የእኔን አለማወቅ አይጠይቅም» ይሉን ነበር። በ2012 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። መንደሩ ከምንጭ በተሳበ ቧንቧ ውሃ አገኘ፤ የእጣቢው ጉድጓድም ከዚያ ቦታ ተነሣ።

ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል። እርሳቸው ግን ሌላ ሥራ ጀመሩ። የአርሴኒክ ጉዳት ውሃው ከተተወ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ እንደ ካንሰር ሆኖ ብቅ እንደሚል፣ በጊዜ የተገኘ ግን እንደሚድን ሐኪሞች ነግረዋቸው ነበር። ስለዚህ ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. ከዚያ ፓምፕ የጠጣውን ሰው ሁሉ በስሙ መዘገቡ፤ መቶ አርባ ሰባት ሆነ። የራሳቸው ቤተሰብም አለበት። ቡና ለቀማ መጥተው የተመለሱትን ሳይቀር በአጋሮ፣ በሰርቦና በጅማ ሰፈሮች እየዞሩ ፈልገው፣ አንድ በአንድ ለምርመራ ወሰዱ። የወ/ሮ ነኢማ ተረከዝ ላይ የነበረችው የማትድን ቁስል የካንሰር ጅማሬ ሆና ተገኝታ በጊዜ ወጣች። ዛሬ በጤና ቆመው እያለቀሱ ነው።

አቶ ሽበሺ ከ2016 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ ከውሃው ነው አላሉም፤ አይደለምም አላሉም። ትንፋሽ እያጠራቸውም ያልተገኙትን ለማፈላለግ ስልክ መደወል አላቆሙም። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ተናኘ መኮንን፣ ሦስት ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው አቢጊያ በሕይወት አሉ።

ከተመዘገቡት ውስጥ ያልተገኙ አራት ሰዎች ቀርተዋል። እርሳቸው እንዳዘዙት ስማቸውን እናነባለን። የማጠቢያው ጥበቃ የነበረው ገመቹ ዲንቃ። በመንደሩ ሁለት ዓመት ያስተማረው መምህር ፍቅር ላቀው። ቡና ለቃሚ የነበረችው ፈድሊያ አባ ቡልጉ። ፈድሊያ ስትለቅም በጀርባዋ ታዝላት የነበረችው ልጇ ሩፈይዳ፤ አሁን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትሆናለች።

ወ/ሮ ተናኘ ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መዝገቡን ይዘው ይቆማሉ። ከእነዚህ አንዱን የምታውቁ፣ ስትቀርቧቸው መጀመሪያ ያለበትን ንገሯቸው፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አምላክ የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም የቀሩትን አራቱን ፈልገን ለማግኘት ያብቃን። አሜን።