ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የወ/ሮ ታቢታ ዱካሞ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ታቢታ ዱካሞ ከአባታቸው ከአቶ ዱካሞ ሀሜሶና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርሃኔ ወልደጻድቅ በ1951 ዓ.ም. በቱላ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ሐዋሳ ገብተው የልብስ ስፌት ተማሩ። መሃል ከተማ በከፈቷት አነስተኛ ሱቅ የመዘምራን ካባና የተማሪ ደንብ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል።

በ1973 ዓ.ም. ከአቶ ኩማ ሮቢ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሐዳሳንና አሸናፊን ወለዱ። በ1981 ዓ.ም. አቶ ኩማ የባለቤታቸውን ሲንጀር የስፌት መኪና “ላስጠግነው” ብለው ይዘው ወጡ። ይኸው እስከ ዛሬ እየተጠገነ ነው።

ወሬኛ አይጠፋምና “ባሏን በምላሷ አባረረችው” ተባለ። ከሚዘምሩበት የመዘምራን ኅብረትም ተገለሉ፤ ለሌላው ካባ እየሰፉ እሳቸው ሳይለብሱ ቀሩ። በተዋሱት መኪና እየሠሩ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ችግሩን ችለውታል፤ የስማቸውን መጥፋት ግን አልቻሉትም። “ማን ማንን እንደተወ በሰው ፊት ሳይነገር እንዳትቀብሩኝ” ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ልጃቸው ሐዳሳ የቤተሰቡን ታሪክ ማሰባሰብ ጀመረች። ፍርድ ቤት ጠየቀች፤ የፍቺ መዝገብ የለም። ከከተማ ከተማ የጋብቻ መዛግብት ስታስፈትሽ ቆይታ ዲላ ላይ የአባቷን ስም አገኘች። ከአጠገቡ “ሚስት የሞተችበት” ይላል። ሰፈሩን ብትጠይቅ ነገሩ ተገለጠላት። አቶ ኩማ በ1982 ዓ.ም. “ሚስቴ ሐዋሳ ሞታ ተቀበረች፤ መርዶ ደረሰኝ” ብለው፣ ዕድሩን ድንኳን አስጥለው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። በመርዶ ለቅሶ ሬሳ የት አለ የሚል የለም። ዓመት ሳይሞላም ሌላ አገቡ።

ወ/ሮ ታቢታ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። “የዕድሩ ስብሰባ መቼ ነው?” ብቻ አሉ።

በስብሰባው ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው ዲላ ከዕድርተኛው ፊት ቆሙ። “ያለቀሳችሁልኝ ታቢታ እኔ ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው የመጣሁት” አሉ። ወ/ሮ መዓዛ የሚባሉ አሮጊት “እኔኮ ደረቴን የደቃሁልሽ ነኝ” ብለው ተነስተው አቀፏቸው። አቶ ኩማ አንገታቸውን ደፍተው በተቀመጡበት ዕድሩ ሰረዛቸው። ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወ/ሮ ታቢታ እስከ ሐዋሳ ድረስ እየዘመሩ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ብዙ ተመላልሰዋል። መልሳቸው አንድ ነበር፦ “በዚያው ደጅ ድንኳን ይጣልና ‘ዋሽቻችኋለሁ’ ይበላቸው፤ ያን ቀን ይቅር እላለሁ።” ድንኳኑ አልተጣለም።

ወ/ሮ ታቢታ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኘው በልጃቸው ቤት ዐረፉ። ፓስተራችን ይህ ጽሑፍ ለስለስ እንዲል መክረውን ነበር። እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን ሟች አንዲት ቃል ሳትጎድል እንዲነበብ ተናዘዋል፣ የእህታቸው ልጅ በርናባስም እንደ ቃላቸው ጽፎታል።

አቶ ኩማ እንደ ባል ከሐዘንተኛው ጋር ለመቀመጥ ትናንት ሰው ልከዋል። መልሳችንን በዚሁ አጋጣሚ እንገልጻለን። እሳቸው ለቅሷቸውን በ1982 ዓ.ም. ጨርሰዋል፤ የዛሬው የእኛ ነው።

ከሐዘንተኛው ወንበር የሚቀመጡት ልጆቻቸው ሐዳሳና አሸናፊ፣ የልጅ ልጃቸው ሃሴትና ከዲላ ድረስ የመጡት ወ/ሮ መዓዛ ናቸው።

ጌታ የወ/ሮ ታቢታን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ፤ ይቅርታ ሳይሰጡ በመሄዳቸውም አይጠይቃቸው።