በመዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት 3፡00

ዛሬም ስብሰባ። አራተኛው ነው። የአንድ ሰውዬ ሱሪ አንድ እግሩ ታጥፎ ተሰፍቶ፣ ሌላው ሳይነካ ማሽኑ ላይ ጥዬው ሄድኩ። ስመለስ ሰውዬው በረንዳው ላይ፣ የተዋሰውን ሽርጥ አገልድሞ ይጠብቀኛል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ምርጫው አለቀ ወይ አለኝ። ገና ሕጉም አላለቀም አልኩት።

ደብተሬ፣ ላንተ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ አታቋርጠኝም። የገበያ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሊመርጥ ነው። አዲሱ መጠለያ አልቋል፤ ለማን የቱ መደብ እንደሚደርሰው የሚወስነው የሚመረጠው ሰው ነው። በሩ አጠገብ የደረሰው ይሸጣል። ቦዩ ዳር የደረሰው ዝንብ ሲያባርር ይውላል።

እስካሁን የምንመርጠው በሰልፍ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ፊት ይቆማሉ፣ ከመረጥከው ሰው ኋላ ትሰለፋለህ፣ ይቆጠራል፣ አለቀ። ባለፈው አዴ ጡሜ፣ የግመል ወተት የሚሸጡት፣ ተወዳድረው ተሸነፉ። ወር ሳይሞላ እሳቸውም፣ ከኋላቸው የተሰለፉትም ወደ ቦዩ ዳር ተዛወሩ። ያሁኑ ሊቀመንበር፣ ሊ/መ ሊበን፣ አጋጣሚ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው የሚለይ አጋጣሚ አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ አዴ ጡሜ እንደገና ይወዳደራሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ በምስጢር፣ በወረቀት ይሁን። ሕጉን የማርቀቅ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ካቲቡ፣ ጸሐፊው፣ እኔ ነኛ። የሾሙኝ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቢሆንም ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልኬት እወዳለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከቀኑ 7፡30

ሙቀት። ደንበኛ የለም። የጠዋቱን ክርክር እያመነዠኩ ነው።

ሊ/መ ሊበን ሰልፉ ይቀጥል ባይ ናቸው። ክርክራቸው ክፉ አይደለም፤ ያስገረመኝም ይሄው ነው። በሰልፍ ማንበብ የማይችል ሰው አይታለልም። ሁሉም በየዓይኑ ስለሚቆጥር ቆጣሪ አይሰርቅም። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም። የሣጥን ሆዱ ግን አይታይም አሉ። እንግዲያው ውስጡን የሚያሳይ ባልዲ እናድርግ አልኩ። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ባልዲውንም አይቼዋለሁ፣ ዕቃ ተራ አለ።

አዴ ጡሜ ተነሱ። በሰልፍ የሚቆመው እግር ነው፣ ልብ አይደለም አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም። ባያዩም ጆሮዬ ጋለ። ባለፈው የት ቆሜ ነበር? ከሊበን ኋላ፣ አራተኛ። ሱቄ ዛሬም በሩ አጠገብ ነው። በወረቀት ቢሆን ኖሮ እዚያ አልቆምም ነበር። ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ላንተ ነው።

ሌላ ጥያቄ ተነሳ። ከድንበሩ ማዶ እያደረ እዚህ የሚሸጥ ሰው ድምፁ የት ነው? ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ፣ ሰው የሚቆጠረው በመኝታው ሳይሆን በመደቡ ነው ተባለ። ሁለቱም ወገን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ጻፍኩት፣ አንቀጽ 2።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከሰዓት 10፡00

ዛሬ ሙከራ ነበር። ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ ጣቱን ቀለም ውስጥ እንንከር ብዬ ነበር። የማኅተም ቀለም በጠርሙስ ክዳን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወተት ተራ ደረስኩ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣቶቹ ሁሉ እስከ መጀመሪያው አንጓ ጥቁር። ሂና! ለካ ቡቲዬ ሰፈር ሰርግ አለ፤ ጾሙ ሳይገባ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ነከርኩ። ጥቁር ላይ ጥቁር። የተነከረውንና ያልተነከረውን ፈጣሪ ይለየው።

አንዷ ጆሮ ላይ አድርግልን አለች። ሌላዋ፣ ካቲቡ፣ አፍንጫ ላይ ይሻላል አለች። ወተት ተራ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ብዙ አገር ይሠራበታል ብዬ የተመካሁበት ዘዴ በአንድ የቡቲዬ ሰርግ ፈረሰ።

ስለዚህ የቀረን መዝገቡ ነው። ስም ይጠራል፣ ሰውየው ይመርጣል፣ ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ቀለም ምን ያደርጋል? መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነው።

እሑድ፣ ጥር 24። ጠዋት 4፡00

ንጹሕ አይደለም።

ሱቁን ዘግቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የፊተኞቹ ገጾች ላይ ሰው እንደነገረን የጻፍናቸው የድሮ ስሞች አሉ። የኋለኞቹ ገጾች ላይ ደግሞ በመታወቂያ የተመዘገቡ። ሁሉም በመታወቂያው ይመዝገብ ሲባል የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ከፊት ስሙ ያው የሆነውን ሰረዝኩ፤ የተለየውን ግን አልሰረዝኩም። ማዶ በአንድ ስም፣ እዚህ በሌላ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ አለ። እንደ ፖሊስ ጀነን ብዬ ስማቸውን እለቅም ጀመር። አሥራ ስድስት ሰው አገኘሁ። ከዚያ አሥራ ሰባተኛው፦

ሙሉጌታ ተሰማ፣ ልብስ ጥገና። ገጽ 3።
ሞሉ ጋልጋሎ፣ ልብስ ሰፊ። ገጽ 41።

እኔ። ሁለቱም በእኔ ጽሕፈት፣ ሁለቱም ያማሩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

አታውቀውም እንጂ፣ ደብተሬ፣ ታሪኩ አጭር ነው። ከአባቴ ጋር ተሰደን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ተሰማ እዚያው ሞተ። ፍየል ሊሸጡ ካምፑ የሚመላለሱ ጋልጋሎ የሚባሉ ሽማግሌ በጉዲፈቻ ወሰዱኝ፤ በአገር ሽማግሌ ፊት፣ በደንቡ። ሞሉ አሉኝ። መታወቂያዬም በሳቸው ስም ወጣ። ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። መዝገብ ላይ ግን ሁለት ሰው ነኝ፤ ሁለት ድምፅ አለኝ።

የሚገርመው ይሄ ነው። በሰልፍ ጊዜ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም። ሰው የሚቆመው በገላው ነው፤ ገላ ደግሞ አንድ ነው። በወረቀት ሲሆን የሚመርጠው ስም ይሆናል። እና ሊ/መ ሊበን ልክ ነበሩ ማለት ነው? ገረመኝ። ተናደድኩም።

አሁን ብሰርዘው ማንም አያይም። አንድ መስመር ነው። ከተናገርኩ ግን ሊ/መ መዝገቡ የበሰበሰ ነው፣ ጸሐፊው ራሱ ሁለት ነው ብለው ወደ ሰልፍ ይመልሱናል። ቦዩ ዳር ያሉት ደግሞ እንደገና በሊበን ዓይን ፊት ሊቆሙ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ከሰዓት 9፡00

ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። አልሰረዝኩም።

አዴ ጡሜ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሊያስጠግኑ መጡ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ምን ያንሾካሽክሃል አሉኝ። የጋልጋሎ ልጅ መሆንህን የማያውቅ ማን አለ? ከዋልዳ የመጣህ ቀን የመጀመሪያዋን ኩባያ ወተት የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ አንተም አልወረደልህም፣ ቀሚሴ ላይ መለስከው አሉ። የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። በድብቅ ሰርዘኸው እኔ ባሸንፍ፣ ሊበን ያንን ገጽ አውጥቶ ለሰው ያሳያል፤ ያን ጊዜ ሌባዋ እኔ ነኝ አሉ። ሌላውን ትቼ አንዱን በቃላቸው ልጻፍልህ። «ሞሉ፣ አንተ ሰው ፊት ቁምና ተናገር። ቦዩ ዳርን እኛ ቱሜዞኤያ፣ ለምደነዋል።»

ቀሚሱን ሰጥቻቸው ሄዱ። ስፌቱ ጠማማ ነበር፤ አላዩትም ወይም አይተው ዝም አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ጠዋት 2፡00

ሦስቴ ለካሁ፣ ሦስቴም ተሳሳትኩ። የሰው ኮት እጅጌ አጠረብኝ።

መዝገቡ ከነገ ወዲያ በአደባባይ ይነበባል። ሱቄን እያየሁት ነው። ጥሩ ብርሃን አለው፤ ማሽኑ ላይ መብራት ሳላበራ እስከ 11 ሰዓት እሠራለሁ። ቦዩ ዳር ብርሃን የለም። ፈርቻለሁ። ደግሞ የሚሆነውን ለማየት እጓጓለሁ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይኖራሉ?

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ከሰዓት 11፡00

አነበብኩት።

ሰው መጠለያው ስር ሞልቶ ነበር። ስም ስጠራ ሰው ይነሳል። ገጽ 3 ስደርስ «ሙሉጌታ ተሰማ» ብዬ ራሴ እጄን አወጣሁ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ገጽ 41ን ገልጬ «ሞሉ ጋልጋሎ» አልኩና ያንኑ እጅ እንደገና አወጣሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ ሳልሰርዝ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ እንደኔ ሁለት ቦታ ያሉ ሌሎች አሥራ ስድስት ሰዎች አሉ፣ ጥፋት ግን የለባቸውም አልኩ።

ሊ/መ ሊበን እንደጠበቅኩት ተነሱ። ይኸው፣ ገላ ሁለት አይሆንም፣ ወደ ሰልፋችን እንመለስ አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። በቃ፣ ወደ ሰልፉ መለሱን ብዬ ቁጭ አልኩ።

አዴ ጡሜ ከኋላ ተናገሩ። ስም ሁለት ቢሆንም ጎረቤት ያውቃል አሉ። ማንኛውም ሰው ሲመርጥ የግራና የቀኝ መደብ ጎረቤቶቹ መጥተው፣ ይሄ እሱ ነው፣ ገና አልመረጠም ይበሉ። ከዚያ ጎረቤቶቹ ይመለሱ፤ እሱ ብቻውን ከጨርቅ ኋላ ይግባ። ገላውን ሁላችን እንይ፣ ልቡን ማንም አይይ።

እኔ ስንት ቀን ስለካው የኖርኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው።

ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። እዚህ ላይ ጉድ አለ፣ ደብተሬ። በምስጢር ለመምረጥ መወሰን ያለብን በግልጽ፣ እጅ አውጥተን ነው። ሊ/መ ፊት ለፊት ቆመው እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። የአዴ ጡሜ እጅ ወጣ። የወተት ተራው ወጣ፣ ጥቁር ጥቁር ጣት። ሌላው እርስ በርሱ ይተያያል። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ብቆጥር ይበቃኝ ነበር።

እጄን አወጣሁ።

ሊ/መ ሊበን አዩኝ። «ካቲቡ፣ ያ እጅ የማን ነው? የሙሉጌታ ነው የሞሉ?» አሉ። የሞሉ ነው፣ ሙሉጌታ ዛሬ ተሰናብቷል አልኩ። ሰው ሳቀ፤ መጀመሪያ የሳቁትም እሳቸው ናቸው። በሳቁ መሃል ከበሩ አጠገብ ካሉት አንድ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ። ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። በወረቀት ሆነ።

ሱቅ ተመልሼ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። በሕጉ የሚቀረው የመታወቂያው ስም ነው። አሥራ ስድስቱን ሰረዝኩ። የኔ ላይ ቆየሁ። የአባቴ መቃብር ዋልዳ ነው፤ ድንጋይ አለው፣ ጽሑፍ የለውም። በዚህ አገር የተሰማ ስም የሰፈረው ገጽ 3 ላይ ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ ለማን ልደብቅ። ከዚያ ሰረዝኩት። መስመሩን ቀጭን አደረግኩት፣ ስሙ ይነበባል።

መጋረጃውን የምሰፋው እኔ ነኝ። ልኬቱን ወስጃለሁ፤ ወፍራም ጨርቅ፣ እስከ መሬት። የዛሬ ሳምንት፣ በምርጫው ቀን፣ ከዚያ ኋላ እገባለሁ፣ አንድ ሰው በአንድ ስም። እስከ ዛሬ ሁሉን ነግሬሃለሁ፣ ደብተሬ። ድምፄን ለማን እንደምሰጥ ግን ላንተም አልነግርህም።