ከሰርጉ ካሴት የቆረጥኩት

ሰኞ
የሰርግ ካሴት ስቆርጥ ስንት ጊዜዬ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ካሜራማኑ ኬኩን ይቀርጻል። ከኬኩ ጀርባ ሙሽራው የሙሽራዋን የእጅ አንጓ ይዞ ይጠመዝዛል። ፊቱ ፈገግ እንዳለ ነው። እሷ ከንፈሯን ነክሳለች። በጆሮዋ አንድ ነገር ይላታል፤ ሙዚቃው ዋጠው።
የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ጋሽ ከበደን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ቁረጪው። እኛ ሰርግ ነው የምንሠራው፤ ሌላው አያገባንም» አሉ።

ማክሰኞ
ቆረጥኩት። ዘፈኑ ሳይቋረጥ፣ እስክስታ የሚመቱ አጎቶች አስገባሁበት። ማንም አያውቅም። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የተቆረጠበት እንዳይታወቅ ማድረግ። ዛሬ ግን እንዲህ ማማሩ አስፈራኝ። ሙሽራዋ፣ ሰላም ነው ስሟ፣ ከኬኩ ወደ ጭፈራው እየሳቀች ታልፋለች።

ረቡዕ
ሙሽራው ራሱ ጎፋ፣ ቪዲዮ ቤታችን ድረስ መጣ። ብቻውን። ከኋላዬ ቆሞ ሙሉውን አየ።
«ጎበዝ ነሽ እህቴ» አለኝ። ከዚያ፣ «ጥሬው፣ ያልተቆረጠው ካሴትስ?»
«ሌላ ሰርግ ቀዳንበት» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ካሴቱ እግሬ ስር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ትክ ብሎ አየኝ። ጋሽ ከበደም እያወቁ አላጋለጡኝም። እግዜር ይስጣቸው።

ሐሙስ
ለማን ልንገር? ፖሊስ «ባልና ሚስት ናቸው» ብሎ ይመልሰኛል። ወሬው እሱ ጋ ቢደርስስ? እሷን ምን ያደርጋታል? ቀረጻውን ያዘዙት የሰላም ታላቅ እህት ናቸው፣ እትዬ አልማዝ፤ ነፋስ ስልክ ልብስ ይሰፋሉ።

ዓርብ
አስፈቅጄ ሄድኩ። እትዬ አልማዝ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ወሰዱኝ። ካሴቱን አዩ።
«ከሰርጉ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የመጣችው» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ፀሐይ ረጅም እጅጌ ለብሳ። ምነው ስላት በረደኝ አለችኝ።»
ነጠላቸውን አንስተው ወንድማቸውን ሊጠሩ ወጡ። እኔ ታክሲ ውስጥ እስከ ሰፈሬ መካኒሳ ወደ ኋላ ስዞር ነበር። ምን አደረግሁ?

ቅዳሜ
ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ ስልክ ተደወለልኝ።
«ሰላም ነኝ። እህቴ ጋ ነኝ። ያየሽው አንቺ ነሽ?»
«አዎ» አልኩ።
ትንፋሿ ይሰማኛል።
«ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም።
ሰውየው ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በመስኮት አያለሁ። እሷ ግን ዛሬ እህቷ ቤት ታድራለች።