ሳትበር የረዘመችው አውሮፕላን

ለክቡር አቶ ኃይለመለኮት
የአነስተኛ አውሮፕላን ልማት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ሰላም፣ ለወንበርዎም እንደ እስከ ዛሬው መጽናትን እመኛለሁ። እኔ በማዕከሉ የአውሮፕላን አካል መሐንዲስ የሆንኩት፣ በስብሰባ ላይ «ልጄ» እያሉ የሚያቆላምጡኝ መይሙና ሁመድ ነኝ። ለውለታዎ ምስጋና በግል ማቅረቡ ስላነሰብኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

1. ቃልዎን ስለጠበቁበት መንገድ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ሰው የምትይዘው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላናችን በመጀመሪያ ትበራለች፣ ከእርሷ የተማርነውን ይዘን አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትጭነውን፣ ቀጥሎም የጭነትና የሕመምተኛ ማመላለሻዋን እንሠራለን ብለን ነበር። እርስዎም ታናሿ ሳትበር ታላቋ እንደማትነሳ በሁላችን ፊት ቃል ገቡ። ከዚያ አንድ የተከበሩ እንግዳ ጎብኝተዋት «ምነው አጠረች?» አሉ፤ ቃልዎም በዚያው ቀረ።

2. ያለችንን አንዲት አውሮፕላን ከወገቧ አስቆርጠው፣ ሚኒባስ በማስረዘም የተካኑ የአብነት ሰፈር የመኪና ቦዲ ሠሪዎችን አስመጥተው፣ መሃሏ ላይ አዲስ አካል ስላስቀጠሉባትም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሠራተኞቹን አላማም፤ የታዘዙትን አሳምረው ሠርተዋል፣ ቀለሙማ ያስጎመጃል። ነገር ግን ሚኒባስ መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ ዳር ይይዛል፤ አውሮፕላን የሚይዘው ዳር የለውም። ይህን ስናገር ቢሮዎ አስጠርተው፣ ለዐውደ ርዕይ ብቻ እንደምትቆምና ከመሬት እንደማትነሳ አረጋገጡልኝ። እኔም አመንኩዎት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኛ የተረፈን ማፍሰሱ ብቻ ነው።

3. ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ቀርበው፣ አውሮፕላኗ በማዕከሉ በዓል ዕለት በካፒቴን እንድርያስ አብራሪነት እንደምትበር፣ ጥንካሬዋንም መሐንዲስ መይሙና ሁመድ እንዳረጋገጠች ሲያበስሩ ሰማሁ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ምንም አላረጋገጥኩም። የጠየቀኝም የለም። የኮንዶሚኒየማችን ሰዎች ግን ደረጃ ላይ እያስቆሙ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። የካፒቴኑ ባለቤት ቤዛ ጎረቤቴ ናት፤ እጄን ይዛ፣ «አንቺ ካረጋገጥሽው አልሰጋም» አለችኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝም። አውሮፕላኗን ማስቆረጥዎ አንጀቴን አቃጥሎታል፤ ያስቆረጡት የልፋታችንን ፍሬ ነውና። የከዳኝ ግን እርሱ አይደለም። የከዳኝ፣ «ልጄ» ባሉኝ አፍ ስሜን ጠርተው የሰው ባል ነፍስ በእኔ ዋስትና ማስያዝዎ ነው። ስለዚህ ለቤዛ በዚያው ደረጃ ላይ፣ ለባለቤቷም በዚያው ምሽት የነገርኳቸውን ለሕዝብም እነግራለሁ፦ ይህች አውሮፕላን መብረር የለባትም፤ ለመብረር ብቁ ናት ያልኩበት ጊዜም የለም።

ክቡርነትዎ ላደረጉልኝ ሁሉ ተገቢውን ምላሽ ሳያገኙ እንዳይቀሩ በመመኘት፣ ከማያልቅ አክብሮትና ካለቀ እምነት ጋር፣

መይሙና ሁመድ
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ለጋዜጣ ሊላክ ሲል፣ ካፒቴን እንድርያስ የሚበሩት ክቡርነትዎ ከኋላቸው ካለው ወንበር ላይ ከተሳፈሩ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ እንዳሳወቁዎ ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረራው በአየር ጠባይ ምክንያት መሰረዙን ማዕከሉ በይፋ ገለጸ። በዓሉ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።