አባዬን የሚያክል አሸዋ

ጥር 3

የጥርስ ሐኪሙን ወንበር አልብሼ ጨረስኩ። ስፖንጁን ጠቅጥቄ፣ ቆዳውን ወጥሬ... ሳንቲም ቢጥሉበት ይነጥራል። ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ አባዬ እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ወደ መንገዱ ያያል። ታች ፀሐይ ላይ ሰዓት ሠሪው ወዳጁ የአባዬን መቀመጫ ዱካ ከጎኑ እንዳስቀመጠ ነው። «እንውረድ?» አልኩት። «ተይኝ።» ይኸው ሦስት ሳምንቱ።

ያኔ ደረጃው ላይ ጣልኩት። መጻፉ ራሱ ይከብዳል። እግሩ ከከዳው ወዲህ እኔ ነኝ አቅፌ የማወርደው። ሰባት ደረጃ ናት። ሦስተኛዋ ላይ ሕመም ወገቤን ያዘኝ... «ምንም አልሆንኩም» አለ። እውነትም ምንም አልሆነም። ግን ከዚያ ወዲህ ከአልጋ ላነሳው ስጠጋ ዓይኑን ይጨፍናል። አያምነኝም ማለት ነው።

ጥር 5

ወንድሜ ደወለ። «እስከ ሚያዝያ ደረጃውን ካልወረደ እኔ ጋ ይመጣል። የኔ ቤት ደረጃ የለውም።» ከአፉ ነጥቄ «የትም አይሄድም!» አልኩ። አባዬ ይሰማል። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እሱስ መሄድ ይፈልግ ይሆን? አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

ጥር 9

ስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሁሉም ነገር ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ዳምቤል፣ ላስቲክ፣ እጀታ ያለው የብረት ኳስ፣ ግድግዳ የሚያክል ማሽን... ሻጩ «እህቴ፣ ማሽኑን ከወሰድሽ ሌላ አያስፈልግሽም» አለኝ። «ሰው ይዞ ደረጃ ለመውረድም ይሆናል?» ስለው ሳቀ። ሳቁን እንደ አዎ ቆጥሬ ገዛሁ። ሞኝ!

ጥር 26

ማሽኑ ላይ ተቀምጬ አርባ ኪሎ ሳብኩ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከሰዓት አንድ ጥቅል ቆዳ ይዤ ደረጃ ስወጣ ተንገዳገድኩ። ለአንድ ጥቅል ቆዳ!

አባዬን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ነገሩን ስነግራት ማሽኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ይሄ ክብደቱን ራሱ ደግፎ ይዞልሻል። አባትሽን ግን ማን ደግፎ ይይዝልሻል?» ቆመሽ የምትሠሪበትን ፈልጊ አለች። የሚወዛወዝ፣ የማይመች ነገር።

የካቲት 2

ማሽኑን መለስኩ። ሻጩ እያጉረመረመ በብረት ኳስና በላስቲክ ለወጠልኝ። ላስቲኩን አባዬ ወሰደው። መስኮቱ ሥር ሆኖ ይስባል። «ለኔ ነው የገዛሽው መስሎኝ» ይላል። አውቆ ነው።

የካቲት 11

የአሸዋ ከረጢት በራሴ እጅ ሰፋሁ። ድርብ ስፌት፣ አራት እጀታ። አርባ ኪሎ አሸዋ ጠቅጥቄ ሞላሁት። ለአባዬ አሳየሁት። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ የነበረ ሰው ነው። በምርኩዙ መታ መታ አደረገውና ሳቀ። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ከሳቀ!

«ልጄ፣ ይሄ ሶፋ ነው። ሰው እንዲህ አይወጠርም። አላልተሽ ሙዪው፣ ይፍሰስብሽ።»

ከዚያ አነሳሴን አየ። «ወደ ራስሽ! ደረትሽ ላይ አስጠጊው... ለምን ታርቂዋለሽ?» ቀጥሎ ደግሞ፣ «እኔንም እንዲህ ነበር የያዝሽኝ። እንዳይጎዳ ብለሽ አራቅሽኝ።»

አንጀቴን በላው። ልክ ነው። እንደ ብርጭቆ ነበር የያዝኩት።

የካቲት 12

ግማሹን አሸዋ አፈሰስኩ። ሃያ ኪሎ ቀረ። ላልቶ እየፈሰሰብኝ ከአርባው ይብሳል። ጉድ ነው።

መጋቢት 8

በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ። ደረጃው ላይ የጎረቤት ሴትዮ «ምን ተሸክመሽ ነው?» አለችኝ። «አባቴን።» አማተበች።

ሚያዝያ 17

አርባ ዘጠኝ ኪሎ። ልክ አባዬን የሚያክል አሸዋ። ሰባቱን ደረጃ ወርጄ ወጣሁ። አባዬ ምርኩዙን ተደግፎ በር ላይ ቆሞ ያያል። «እንውረድ?» አልኩ እያለከለክሁ። «ተይኝ።»

ሆድ ባሰኝ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን ነበር? ቁጭ አልኩና የፈራሁትን ጠየቅኩ። «ወንድሜ ጋ መሄድ ትፈልጋለህ? ንገረኝ፣ አልቆጣም። ሳነሳህ ዓይንህን ስትጨፍን አያለሁ። አታምነኝም።»

ደንግጦ አየኝ። «አላምንሽም? ያን ቀን ወገብሽ ሲይዝሽ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። እሱን ደግሜ ላለማየት ነው የምጨፍነው። ልጄን ሰብሬ ፀሐይ ልሙቅ?»

አራት ወር ሙሉ እኔ ለሱ ስፈራ፣ እሱ ለኔ ሲፈራ... አንዳችንም አንጠይቅም። አለቀስኩ። እሱም።

ሚያዝያ 24

ወንድሜ ባዶ ሻንጣ ይዞ መጣ። ለአባዬ ልብስ። አባዬ ግን ጫማውን አጥልቆ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ጠበቀው። «አንሺኝ» አለኝ። ወንድሜ ብድግ ሲል «አንተ ተቀመጥ» አለው።

ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። እጁን አንገቴ ላይ ጠመጠመ። አንድ... ሁለት... ሦስተኛዋ ላይ ቆምኩ። ፊቱን አየሁ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እኔን ያያል።

«ምን ያስቆምሻል? ዱካዬን ሰው ሊይዝብኝ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ዱካውን በእጅጌው ጠረገለት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨዋወቱ። ይዤው ወጣሁ።

ወንድሜ ሻንጣውን እንደ ባዶነቱ ይዞ ሊሄድ ሲል ጥግ ያለውን ከረጢት አየና ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሞከረ። እጁን ዘርግቶ ይታገላል። ከከረጢቱ ጋር ይንገዳገዳል።

አባዬ ከመስኮቱ ሥር፣ «ወደ ራስህ አስጠጋው፣ ልጄ» አለው።