የሲስተር ጆይስ ጭምብል

ማክሰኞ፣ የካቲት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.
ሱዳን፣ ዶካ አጠገብ፣ የስደተኞች መጠለያው

ዛሬ ጥሩዬ ተናገረች። እህቴን መንገድ ላይ ከቀበርናት ወዲህ ከዚች ልጇ አፍ ቃል ወጥቶ አያውቅም ነበር። ወተት እንኳ የምትጠጣው ተለምና ነው።

የማስተረጉምላት ነርስ፣ ሲስተር ጆይስ፣ የትሪኒዳድ ሰው ናት። ጾማቸው ነገ ስለሚገባ ዛሬ በአገሯ ካርኒቫል የሚሉት የጭምብል ጨዋታ ነው። ባዶ የማሽላ ጆንያ ተልትላ ከአንገት እስከ እግሯ ለበሰች። ከካርቶን የሠራችውን ጭምብል አጠለቀች።

"ቅድመ አያቶቼ ባሮች ነበሩ" አለችኝ ስትለብስ። "ጌቶቹ በጭምብል ሲጨፍሩ እነሱ ከሩቅ ነበር የሚያዩት። ነጻ ሲወጡ ግን መንገዱን ሞሉት፤ ጌቶቹን እየመሰሉ ሳቁባቸው።"

እየዘለለች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። የታመሙት ሳይቀሩ ሳቁ። ጥሩዬ ትደነግጣለች ብዬ ስሰጋ ብድግ ብላ ሄደች፤ ጭምብሉን በሁለት እጇ ያዘችና፣

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?" አለች።

ሲስተር ጆይስ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለች?"

"ማን ነሽ ነው የምትልሽ" አልኳት።

ጭምብሉን አውልቃ በላብ የራሰ ፊቷን አሳየቻትና "ጆይስ" አለቻት። ጥሩዬ ጉንጯን ነካ ነካ አድርጋ እቅፏ ውስጥ ገባች። ወተቱንም እዚያው ሆና ጨረሰችው።

ይኸው ይህን ስጽፍ ደጃፍ ላይ ሆና "ጆይስ! ጆይስ!" እያለች ትጣራለች። ዝም በይ ልላት ነበር፤ ተውኩት። ድምጿ የእናቷን ድምፅ መምሰሉን ረስቼው ነበር...